ግማሽ ሚሊ

አምባሰል ተወልዶ ውጫሌ የነገደ አንድ ሰው፣ ለዓመታት ያጠራቀመውን ብር ሁሉ አውጥቶ የፋይበርግላስ ጀልባ ገዛ። ነጭ ናት፤ ወገቧን ሰማያዊ መስመር ዞሯታል። በጭነት መኪና ሆና ሐይቅ ከተማ ስትገባ ሕፃናት እስከ ውሃው ዳር በሩጫ አጀቧት። በዚያው ሳምንት ባሏ የሞተባት አንዲት ጎረቤቱ ከዚያው ሻጭ፣ ከዚያው ቅርጽ የወጣች ሌላ ጀልባ አስመጣች። ጎን ለጎን ሲያቆሟቸው የትኛዋ የማን እንደሆነች ባለቤቶቹ ራሳቸው ይሳሳቱ ነበር።

ሥራው አልጠፋም። የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ያለበት መሬት ጥንት ደሴት ነበር፤ ዛሬ ከየብስ ጋር ተያይዞ በእግር ይገባበታል። ስለዚህ እዚያ ጀልባ የሚሳፈር ሰው መሻገሪያ ቸግሮት አይደለም፤ ውሃው አምሮት ነው። ጥቅምት 17 ቀን ለንግሥ የሚመጣ አለ። እሁድ ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነድቶ ቆሮሶ ጠብሶ ሊበላ የሚመጣ ቤተሰብ አለ። ከሁሉም ደህና የሚከፍለው ግን ሙሽራ ነው። ሙሽሮች ፎቶ የሚነሱባት ጀልባ ደግሞ ማብራት አለባት።

ሁለት ክረምት አለፈ። የሰውዬው ጀልባ ሥራ ሲኖር ውሃ ላይ፣ ሥራ ሲጠፋ አሸዋው ላይ ራቁቷን ትውላለች። ሐይቅ ከባሕር ወለል 2 ሺህ ሜትር ገደማ ከፍ ያለ፣ ከምድር ወገብ 11 ዲግሪ ብቻ የራቀ አገር ነው። አንድ ሺህ ሜትር ከፍ በተባለ ቁጥር የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር 10 በመቶ ያህል ይጨምራል። ነፋሱ ቀዝቃዛ ስለሆነ ሰው ይህን አይጠረጥርም፤ ፊቱ ሲላጥ ብቻ ነው የሚገርመው። ጀልባዋም ፊቷ ተላጠ። መጀመሪያ ወዟ ሄደ፣ ቀጥሎ ነጭነቷ ወደ አመድማነት ዞረ።

ነገሩ በአደባባይ የታወቀው አንድ ቅዳሜ ነው። ሚዜው ጥቁር ኮቱን ለብሶ ወደ ጀልባዋ ጎን ደገፍ ብሎ ነበር። ቀና ሲል ከክርኑ እስከ ትከሻው ዱቄት የነሰነሱበት መሰለ። የሙሽራዋ እህት በመሐረብ ልትጠርግለት ሞከረች፤ ዱቄቱ ይበልጥ ተለጠጠ። ፎቶ አንሺው ካሜራውን አወረደ። ሙሽሮቹ ምንም ሳይሉ ወደ ሴትዮዋ ጀልባ ተሻገሩ። ሰውዬው ብቻውን ሲቀር ጣቱን በምራቁ አርሶ የጀልባዋን ጎን አሸት አደረገ። እርጥቡ ቦታ ወዲያው አበራ። ሲደርቅ ተመልሶ አመድ ሆነ። "ውስጧ ደህና ነው ማለት ነው" አለ ለራሱ፤ እዚህ ላይ አልተሳሳተም።

መድኃኒቱን ሲፈልግ ግን አቋራጭ ወደደ። በመጀመሪያ ጨርቅ በምግብ ዘይት ነክሮ አሻት። እውነትም አበራች፣ እስከ ቀትር። ከሰዓት በኋላ የመንገዱ አቧራ ተጣብቆባት ቡናማ ሆነች፤ ዝንብም ወረራት። ከዚያ ደሴ ሄዶ የበርና የመስኮት ነጭ ቀለም ገዛና በብሩሽ ቀባት። ሰኔ ላይ ቀባ፤ መስከረም ሳይጠባ ቀለሙ እንደ ዓሣ ቅርፊት እየተነሳ በነፋስ ይበር ጀመር።

በመጨረሻ ከኮምቦልቻ አንድ ባለሙያ አስጠራ። ዕድሜውን በሙሉ ጋራዥ ውስጥ የመኪና ቀለም ሲፍቅና ሲቀባ የኖረ ሽማግሌ ነው። ጀልባዋን ዞሮ አያት፣ አንዱን የቀለም ቅርፊት በጥፍሩ አነሳና ገለበጠው። ከጀርባው ነጭ ዱቄት አለ።

"ይህን ማን ቀባው?"

"እኔ ነኝ ጋሼ።"

"ዱቄት ላይ ነው የቀባኸው ልጄ። ቀለምህ ጀልባዋን ይዟት አያውቅም። የያዘው ዱቄቱን ነው፤ ዱቄቱ ሲለቅ አብሮ ለቀቀ።"

ከዚያ አስቀምጦ አስተማረው። የጀልባዋ ነጭ ገጽ ከላይ የተቀባ ቀለም እንዳልሆነ ነገረው። ጄልኮት ይሉታል። ጀልባ ሲሠራ ቅርጹ ውስጥ መጀመሪያ የሚረጨው እሱ ነው፤ የመስታወቱ ክር በሬዚን እየራሰ ከጀርባው የሚደረበው በኋላ ነው። ክሩ ጉልበት ይሰጣል፣ ጄልኮቱ ክሩን ከውሃና ከፀሐይ ይከልላል።

"ውፍረቱ ስንት ይመስልሃል?" አለው።

ሰውዬው አውራ ጣቱን አሳየ።

"ግማሽ ሚሊ። አምስት ስድስት የደብተር ቅጠል ብትደራርብ ነው። ሲያልፍም ከዚያ ትንሽ ብቻ ነው የሚያልፈው። ያለህ ይኸው ነው፤ አይጨመርበትም።"

የዚያን ዕለት ሥራ ያየ ሰው ያወራዋል። ሽማግሌው መጀመሪያ የሰውዬውን ቀለም ልጦ ጣለ፣ ጀልባዋን በሳሙና አጠበ፣ የዘይቱን ቅሪት በአሴቶን አወጣ። ቀጥሎ ከኋላዋ፣ ሰው በማያየው በኩል መዳፍ የምታህል ቦታ መረጠና ሞከረ። "ሐኪም መርፌውን መጀመሪያ ፊት ላይ አይወጋም" አለ። ብርጭቆ ወረቀቱን በባልዲ ውሃ ነክሮ፣ ውሃው ላይ ጠብታ ሳሙና አክሎ፣ ከቁጥር 800 ጀመረ። በ800 ሽቅብና ቁልቁል ከፋቀ፣ በ1000 ወደ ጎን ይፍቃል፤ ቁልቁል የነበሩት ጭረቶች ሁሉ እስኪጠፉ አይተውም። በ1500 እንደገና ቁልቁል፣ በ2000 እንደገና ወደ ጎን። ወረቀቱ በደረቀ ቁጥር እጁን ይሰበስባል። መጀመሪያ የሚወርደው ውሃ ወተት መሳይ ነበር፤ እየቆየ ቀጠነ፣ ከሞላ ጎደል ጠራ። ያኔ ነው ቆም ብሎ በመዳፉ የዳሰሳት። ጀኔሬተር አስነስቶ የበግ ጠጉር የለበሰውን ማሽን በፖሊሽ ሲያዞር ደግሞ አንድ ቦታ ላይ ትንፋሽ ያህል እንኳ አይቆምም፤ ማሽኑ ይግላል፣ ገጹን ያቃጥላል። ጠርዝና ጥግ ሲደርስ ማሽኑን አጥፍቶ በእጁ ይሠራል። "ጥግ ላይ ቆዳዋ ይሳሳል፤ እዚያ የሚቸኩል ክር ያወጣል።"

በማግስቱ ጀልባዋን ዋርካ ጥላ ሥር አስገብቶ ሰም ቀባት። በስሱ፣ አንድ ክንድ በአንድ ክንድ። ሰሙ ደብዘዝ እስኪል ጠበቀና በአሮጌ ነጠላ ቁራጭ ወለወለው። ደገመው። ሲጨርስ የዋርካው ቅጠል በጎኗ ላይ ይታይ ነበር። ልጆቹ ጥርሳቸውን ሊያዩባት ተሰለፉ። ሰውዬው በግ አረደ፣ ቡና ተፈላ፣ ምርቃት ወረደ።

ሽማግሌው ሊሄድ ሲነሳ እንዲህ አለው፦ "ያበራሁልህ እንዳይመስልህ። የሞተውን ገፈፍኩልህ፤ ያበራው ከሥሩ የነበረው ነው። ከእንግዲህ ሥራው ያንተ ነው። በየሦስት በየአራት ወሩ ሰም። ስትመለስ በንጹሕ ውሃ ማለቅለቅ፤ ይህ ሐይቅ መውጫ ወንዝ የለውም፣ ውሃው ሲደርቅባት ጠባሳ ይተዋል። ስታቆማት ሸራ ማልበስ።" ግማሽ የቀረውን የሰም ቆርቆሮ እጁ ላይ አስቀመጠለት።

ጎረቤቲቱም ቆማ ስታይ ነበር። "የኔንስ ምን ይሏታል?" አለች። ሽማግሌው መዳፉን በጀልባዋ ጎን ላይ አሳልፎ እጁን ወደ ብርሃን አዞረ። ንጹሕ ነው። "ያንቺ ገና አልሞተም። ሰም ይበቃሻል።" የሴትዮዋ ጀልባ የተረፈችው ባለቤቷ ብልህ ስለሆነች አልነበረም። ገና ከመጀመሪያው የማዳበሪያ ጆንያ ሰፍታ ታለብሳት የነበረው የሐይቁ ወፍ የሚጥለውን ኩስ ማጠብ ስለሰለቻት ነው።

ተረቱን የሚያወሩ ሰዎች ቀጣዩን መዝለል ይወዳሉ፤ እኔ አልዘለውም። ሰውዬው አተረፈ። ያን ዓመት ሙሽራው ሁሉ የተሳፈረው በእሱ ጀልባ ነው። የሴትዮዋ ጀልባ ደህና ነበረች እንጂ አታንጸባርቅም። ሰም የጠገበ ገጽ ያማረ መልክ አለው፣ እንደ አዲስ ተፍቆ እንደተወለወለ ግን ዓይን አይጠራም። እሷ በየሦስት ወሩ ጆንያውን ገልጣ፣ አጥባ፣ ቀብታ፣ ወልውላ ስትጨርስ ያመሰገናት ሰው የለም። የሰም ቀን በግ አይታረድም።

የሰውዬው ቆርቆሮ በር ኋላ ተቀምጦ ደረቀ። ለምን ይድከም? በዓመቱ ጀልባዋ ስትደበዝዝ ጥቅምት 17 ከመድረሱ በፊት ኮምቦልቻ ይደውላል። ሽማግሌው ይመጣል፣ ይፍቃል፣ ያበራል፣ በጉ ይታረዳል። በሁለተኛው ዓመት እንዲሁ። በሦስተኛውም እንዲሁ። የሐይቅ ሰው "የእሱ ጀልባ በየዓመቱ አዲስ ትሆናለች" ይል ጀመር፤ ሰውዬውም ይህን ሲሰማ ደስ ይለዋል።

በአራተኛው ዓመት ሽማግሌው መጥቶ ብርጭቆ ወረቀቱን ባልዲው ውስጥ ከነከረ በኋላ ወደ ጀልባዋ አፍንጫ ጎንበስ አለ። ውሃ ረጨት አደረገበትና ከጎን ሆኖ በፀሐይ ብርሃን አየው። ከነጩ ሥር፣ በጣም ደብዝዞ፣ የተዘባረቀ የክር መልክ ይታያል። ሌላኛውን ጥግ ረጨ። እዚያም አለ። ወረቀቱን ከባልዲው አውጥቶ ጨመቀና ወደ ከረጢቱ መለሰው።

"ዘንድሮ አልነካትም።"

"ለምን ጋሼ? ዋጋው አንሶ ከሆነ እጨምራለሁ።"

"ብርህ አላነሰም። ቆዳዋ ነው ያነሰው። አንዴ ብደግማት ክሩ ይወጣል። ክሩ ከወጣ ውሃ ይጠጣል፣ ውሃ ከጠጣ ይነፋል።"

ሰውዬው ዝም ብሎ ቆየና ጮኸ። "ታዲያ ሦስት ዓመት ሙሉ ሲፍቁ አንቱ አያውቁም ነበር?"

ሽማግሌው ከረጢቱን ዘጋ። "አውቅ ነበር። ሰሙን ሰጥቼህ ነበር፤ ስመጣ በር ኋላ ደርቆ አየሁት። መናገር ነበረብኝ፤ አንዴ ተናገርኩ፣ አልደገምኩም። እኔም የምበላው ከመፋቅ ነው ልጄ። ደግሞ በግ ታርድልኛለህ።"

ከዚህ በኋላ ጀልባዋ አልተጣለችም። ሽማግሌው ራሱ አፍሮ ይሁን አዝኖ በቅናሽ ሠራላት። የሳሱትን ጥጎች በሬዚን ደፈነ፣ መሠረት ቀለም ሰጠ፣ ከላይ ሁለት ነገር ተቀላቅሎ የሚደርቀውን ጠንካራ ቀለም ረጨባት። ብሩ ከሦስቱ ዓመት የመፋቂያ ዋጋ አንድ ላይ በለጠ። ጀልባዋ አምራለች፤ ድንጋይ ሲነካት ግን ጭረቱ ከቀለሙ ሥር ሌላ ነጭ ያሳያል። እሱም አሁን በየሦስት ወሩ ሰም ይቀባል፤ የተረጨ ቀለምም ቢሆን ፀሐይ አይምረውም። ጆንያ መስፋቱን ያስተማረችው ጎረቤቱ ናት። "እታለም፣ ለምን ቀድመሽ አልነገርሽኝም?" ሲላት "አንተ መቼ ጠይቀኸኝ ታውቃለህ?" አለችው።

ምሳሌው ይህ ነው። ወሎ ውስጥ ሆኖ ይህን የሚሰማ ሰው ሐሳቡ ወዴት እንደሚሄድ መገመት አይከብድም፤ የኔም ሄዷል። እርቅ የምናውቅ ሰዎች ነን። አባጋር የሚባሉት አስታራቂዎች ደም ያደርቃሉ፣ ሽማግሌ ባልና ሚስትን ያስታርቃል፣ እስላሙም ክርስቲያኑም አንድ ምንጣፍ ላይ ተቀምጦ ዱዓውንና ምርቃቱን ይቀበላል። እርቅ ሲወርድ ያለው ደስታ እውነተኛ ነው፤ የዋርካው ቅጠል በጎኑ ላይ ይታያል። እኔን የሚያሳስበኝ በየዓመቱ የሚታረቁት ናቸው። ከባልና ሚስት፣ ከወንድማማች፣ ከድንበርተኛ መካከል ሽማግሌ መጥራትን የኑሮ ልማድ ያደረጉ አሉ። በእያንዳንዱ እርቅ ሽማግሌ ፊት የሚወጣ ነገር አለ፤ ተሸፍኖ የነበረ ምስጢር፣ አንዴ ከተነገረ የማይመለስ ቃል፣ "ሁለተኛ አይለመደኝም" የሚባል መሐላ። በመጀመሪያው እርቅ መሐላው ወፍራም ነው። በአራተኛው ከሥሩ ክር ይታያል። ሽማግሌዎቹም ይህን ሳያዩ ቀርተው አይመስለኝም። በግ ይታረድላቸዋል፣ ስማቸው ይነሳል፤ ዝምታቸውን ሙሉ በሙሉ በትዕግሥት ብቻ ላስረዳው አልችልም።

ሰሙ ደግሞ ማንም የማይመርቀው ነው። ጎረቤትን ለአቦል ብቻ ሳይሆን ለበረካም መጥራት፣ ወንድምን ያለ ጉዳይ መደወል፣ ሚስት የተናገረችውን ትንሽ ነገር ትንሽ ሳለ መስማት። የገዳሙን መጻሕፍት ልብ ብለን ብናያቸውም ይህንኑ ይነግሩናል። ሐይቅ እስጢፋኖስ ውስጥ አቡነ ኢየሱስ ሞአ በ1273 ዓ.ም. ለገዳሙ የሰጡት ወንጌል አለ፤ ከ740 ዓመት በላይ ሆኖታል። በአገራችን ብራና ለዘመን የሚደርሰው በማኅደር ገብቶ፣ ሥዕሉ ላይ ጨርቅ ተሰፍቶለት፣ ለንባብ ካልሆነ ሳይገለጥ ነው። የጸሐፊውና የአጻፊው ስም መጽሐፉ ላይ ይሰፍራል፤ ማኅደር የሚሰፋው ሰው ስም ግን ብዙ ጊዜ የትም አይጻፍም።

ሆኖም ምሳሌውን ቡናን አወድሶ ሽምግልናን ለማንኳሰስ የሚጠቀምበት ሰው ካለ አልስማማም። ሰም የሚሠራው ገጹ ሳይሞት ነው። ዱቄት በሆነ ገጽ ላይ ሰም ብትቀባ ከምግብ ዘይቱ አይሻልም፤ እስከ ቀትር ያበራል። ደም የገባባቸውን ሁለት ቤቶች "ቡና ጠጡና ተውት" ማለት ዱቄት ላይ ቀለም መቀባት ነው። እዚያ መፋቅ ያስፈልጋል፣ ያማል፣ ከውፍረቱም ይወስዳል። አባጋር የሚጠራው ለዚያ ነው።

ደግሞም አንድ ቦታ ላይ ጀልባዋና ሰው ይለያያሉ። ጄልኮት አይበቅልም፤ የተፋቀው ግማሽ ሚሊ ተፋቀ። ደም የደረቀላቸው ቤተሰቦች ግን አንዳንዴ ወንድና ሴት ልጅ ይሰጣጣሉ፣ ከዚያ ጋብቻ የሚወለደው ልጅም ሁለቱንም ቤት የአያቴ ቤት ብሎ ይገባል። የኮምቦልቻውን ሽማግሌ ይህን ብንጠይቀው በብርጭቆ ወረቀቱ ቁጥር የሚያስረዳን አይመስለኝም።